ዘለለችው ወይስ ዘለለችው?

ሰኔ 5

ዛሬ የራዲዮ ጣቢያችን ኃላፊ አስጠርተውኝ፣ ከእንግዲህ የስፖርት ክፍሉን ቋንቋ የማርመው እኔ መሆኔን ነገሩኝ። ስፖርት እንደማልወድ በትሕትና ገለጽኩላቸው። «ስፖርቱን ማን ውደጂ አለሽ? ቃሉን አስተካክዪልን እንጂ» አሉ። ይህ ሙያዬ ነውና መከራከሪያ አጣሁ።

የሹመቴ ምክንያት ያለፈው ሳምንት ስርጭት ነው። ታላቅ እኅቴ በከፍታ ዝላይ ስትወዳደር፣ ዘጋቢያችን «አንድ ሜትር ከሰማንያ ስምንትን ዘለለችው!» ብለው ለአድማጭ አሰሙ። የተናገሩት እውነት ነበር፤ ሰፈራችን የሰማው ግን ሌላ ነው። በዚህ ስፖርት አንዲት ተወዳዳሪ አንዱን ከፍታ ሳትሞክር ትታ የሚቀጥለውን መጠበቅ ትችላለች። እኅቴም ያደረገችው ይህንኑ ነበር። አንባቢ ገጽ ዘለለ ስንል ገጹን አላነበበውም ማለታችን አይደለምን? ስለዚህ ዘለለችው፤ ማለትም አልዘለለችውም።

በቀጣዩ ከፍታ ዘንጉን ሦስት ጊዜ ጥላ ወጣች። እማዬ ግን «እንኳን ደስ ያለሽ» ስትባል አመሸች። የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ በደስታ የሸለማትን ዳቦ በማግሥቱ በዐይኑ ሲያስመልሳት ዋለ።

አንድ ቃል አንድን ነገርና የዚያኑ ነገር ተቃራኒ ሊሸከም አይገባም። ታላቁ ዓለም አቀፍ ሻምፒዮና ሳይደርስ ይህን አስተካክላለሁ።

ሰኔ 9

ከዘጋቢው ጋር የመጀመሪያው ስብሰባ። ሰው ሁሉ ጋሽ ነጎድጓድ ይላቸዋል። ድምፃቸው ከስማቸው ቀድሞ ስለሚደርስ ትክክለኛ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም። ለእኔ ብቻ ሲናገሩ እንኳ ከጎን ያለው ቢሮ በሩን ይዘጋል።

«ጋሼ፣ “ዘለለች” የሚለው ቃል ሁለት ተቃራኒ ፍቺ አለው» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ቸገረሽ ልጄ? ስጮህ ከላዩ ሄደች ማለት ነው። ካልጮህኩ ተወችው ማለት ነው። አድማጭ ከድምፄ ይረዳል።»

«ባለፈው ሳምንት ግን ትታው ሳለ ጮኸዋል።»

ጥቂት አሰቡ። «እሱማ ትኩስ ሻይ ተደፍቶብኝ ነው።»

ፍቺን በሳንባ ላይ መመሥረት አይቻልም። ይህንን አቋሜን ለኃላፊው በጽሑፍ አሳውቃለሁ።

ሰኔ 14

የሰፈር ልጆች እኅቴን ሸንበቆ ይሏታል። አልጋዋ እሷ ሳታልቅ ስለሚያልቅ፣ እግሮቿ የሚያድሩት በርጩማ ላይ ነው። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ የእኅቴን ሱሪዎች ባገኘችው ጨርቅ እየቀጠለች ታስረዝማለች። ከቁርጭምጭሚቷ ወደ ላይ ያሉትን ቀለሞች የቆጠረ ሰው የቤታችንን ታሪክ ያነባል።

ዛሬ ከፌዴሬሽኑ ዘግይታ መጣች። አንድ ሹም ጠርተው፣ የሴቶች ከፍታ ዝላይ ክፍል ባለ አንድ ሰው ሆኖ መኖሩ እንደሰለቻቸው ነግረዋታል። በሻምፒዮናው እስከ ስምንተኛ ካልወጣች ክፍሉ ይቀራል፤ እሷም ከቡድኑ ትሰናበታለች። «የምትወድቂበትን ፍራሽ ሯጮቹ እግራቸውን ይዘረጉበታል አሉኝ» ብላ እየሳቀች ተረከችልን። ከዚያ እራቷን ሁለት ጊዜ በላች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እታለም፣ “ይዘጋል” ነው ያሉት ወይስ “ይታጠፋል”?» ብዬ ጠየቅኋት። የተዘጋ ነገር ይከፈታል፤ የታጠፈ ክፍል ግን አይመለስም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

«ሊቋ» አለችኝ ከግድግዳው ጋር እያወራች፣ «መብራቱን አጥፊ።»

የጠየቅሁት ለትክክለኛነት ብቻ ነበር። ቆይቼ ሳስበው፣ ጥያቄው ለምሽቱ የሚስማማ አልነበረም።

ሰኔ 22

የልምምዱን ቃላት በቦታቸው ለመመዝገብ ወደ ሜዳ ሄድኩ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

አሠልጣኙ በወጣትነታቸው መሰናክል ሯጭ ነበሩ። የሚያውቁት ቃል አንድ ይመስለኛል። በርቺ ለማለት «ዝለይ»፣ ተሳስተሻል ለማለት «ዝለይ»፣ ውኃ ጠጪ ለማለትም ኮዳውን ዘርግተው «ዝለይ»። ዘንጉ ከፍ ሲል «ዝለይው!» ብለው ጮኹ። እኅቴ በመንደርደሪያው መካከል ቆመች።

«ልዝለለው ወይስ ልዝለለው?»

«ዝለይው ነው የምልሽ!»

«የትኛውን ዝለይው?»

«ዝለይውን!»

ዝም ማለት አልተቻለኝም። ጠጋ ብዬ፣ «እርስዎ ከላዩ እንድትሄድ ሲፈልጉ “ተሻገሪው”፣ እንድትተወው ሲፈልጉ “እለፊው” ቢሏት ይሻላል» አልኳቸው። ከጫማዬ እስከ መነጽሬ አዩኝ።

«ይቺ ደግሞ ማናት?»

«እኅቴ ናት። መዝገበ ቃላት ናት» አለች ሸንበቆ።

«ታዲያ መደርደሪያ የላትም?»

ሁለት ሯጮች በአጠገባችን ሲያልፉ የተባባሉትንም መዝግቤአለሁ። አንዷ «ፍራሽ ላይ ለመውደቅ ይህን ያህል መንደርደር ምን ይባላል?» ስትል ሌላዋ «እንቅልፍ» አለች። የመዘገብኩት ለአነጋገሩ ስል ነው። ከኋላቸው ሄጄ አንድ ነገር ልናገር የተነሣሁትም ለአነጋገሩ ስል ነበር፤ ነገር ግን በጣም ፈጣኖች ነበሩ።

ሐምሌ 2

የቃላት መመሪያው ጸደቀ! «ዘለለ» ከስርጭታችን ሙሉ በሙሉ ታገደ። ከዘንጉ በላይ የሄደች «ተሻገረች»፣ ከፍታውን ሳትሞክር የተወች «አለፈች» ትባላለች። አንድ ቃል፣ አንድ ፍቺ።

በእራት ሰዓት ለቤተሰቡ አነበብኩት።

«እኔስ ታዲያ?» አለች እኅቴ። «ዘላይ መሆኔ ቀረ?»

«ከፍታ ተሻጋሪ ነሽ።»

«ስፖርቱስ?»

«የከፍታ ሽግግር።»

እማዬ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። «አሁን እኮ የሽግግር መንግሥት አደረግሻት!»

ሳቃቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ትልቅ ሥራ መጀመሪያ ይሳቅበታል።

ኃላፊው ደግሞ ወደ ሻምፒዮናው ከጋሽ ነጎድጓድ ጋር በረዳትነት እንድሄድ፣ እግረ መንገዴንም የቡድኑ አስተርጓሚ እንድሆን ወስነዋል። «በአንድ ቲኬት ሁለት ሰው ላክን» እያሉ ለጎብኚ ሁሉ ያወራሉ።

ሐምሌ 11

ሻንጣ። መነጽር፣ ከነመለዋወጫው። መመሪያው በሦስት ቅጂ። እማዬ ሱሪውን እንደገና አስረዘመችው፤ አሁን ታችኛው ቀለም ከመጋረጃችን የተቆረጠ ነው።

እኅቴ ዛሬ በልምምድ 1.92 ተሻገረች። በሕይወቷ ከፍተኛው ነው። የጻፍኩት ቁጥሩ ጆሮዬ ስለገባ ብቻ ነው።

ስምንተኛ። ስምንተኛ ለመውጣት ስንት ያስፈልግ ይሆን? ጥያቄው የአኃዝ እንጂ የስፖርት አይደለም።

ሐምሌ 19

ደረስን። የሆቴሉ አልጋ ከቤቱም ያጥራል። ርጩማ ስለሌለ የልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ ዝቅ አድርገን ከአልጋው ጫፍ ገጠምነው። አሁን እኅቴ አዲስ እንደተተኮሰ ሸሚዝ ተዘርግታ ተኝታለች።

ከመተኛቷ በፊት መሬት ላይ የነበረውን ሻንጣዬን በረጅም እግሯ ከላዩ ተራምዳ ሳትነካው ሄደች። «ሊቋ፣ ሻንጣሽን ተሻገርኩት ወይስ አለፍኩት?» ብላ ጠየቀችኝ። እግሯ ከላዩ ስለሄደ «ተሻገርሽው» እንደሚባል፣ ዞራ ብትሄድ ኖሮ ግን «አለፍሽው» እንደሚባል አብራራሁላት። በጥሞና ሰማችኝ። ቃላቱን ለብቻዋ ስትደጋግም ሰማሁ፤ ታሾፍብኛለች ብዬ ጠረጠርኩ። አሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ለእኔ ብላ እያጠናቻቸው ከሆነስ?

ዛሬ የማጣሪያውን ሠንጠረዥ አየሁት። ከዚያ እንደገና አየሁት።

ሐምሌ 22

ማጣሪያው ዛሬ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ተመልሶ አይምጣብኝ።

እኅቴ ጉልበቷን ለመቆጠብ የመጀመሪያውን ከፍታ ሳትሞክረው ተወች። ጋሽ ነጎድጓድ ወደ እኔ አዩ፤ ጣቴን ከመመሪያው ላይ አሳረፍኩላቸው። «የሚጮህበት ነገር ስላልሆነ ቀስ ብለው ይበሉት» ብዬም አስጠነቀቅኋቸው። ታዛዥ ሰው ናቸው። ማይክሮፎናቸውን ሳብ አድርገው፣ በሕይወታቸው ተጠቅመውበት በማያውቁት ዝግ ያለ፣ ከባድ ድምፅ «ውድ አድማጮቻችን… ሸንበቆ አለፈች» አሉ።

በዚያው ቅጽበት ከአገር ቤት ጋር የነበረው መስመር ተቋረጠ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት። ከኋላዋ የብዙ ሰው ለቅሶ ይሰማል።

«ልጄን ምን አደረጋችኋት?»

«እማ፣ ምንም አልሆነችም! አለፈች ያልነው ከፍታውን ነው።»

«ከፍታ መተው ነው ሞት የሚባለው እናንተ ዘንድ?»

«አልሞተችም እማ፣ አልፋለች።»

«አልፋለች ትለኛለች ደግሞ!»

«ስሚኝ እማዬ፣ ማጣሪያውን ጨርሳ ለፍጻሜ አልፋለች!»

«ወይኔ ልጄን! ፍጻሜዋ ደረሰ በይኛ!»

ከኋላዋ ለቅሶው በአንድ ጊዜ ከፍ አለ። ዳቦ ጋጋሪው ወንበር ከየቤቱ እየሰበሰበ መሆኑን ሰማሁ። በመጨረሻ እኅቴ ላቧ ሳይደርቅ ስልኩን ከእጄ ቀማችኝ።

«እማ፣ እኔ ነኝ። አለሁ። አዎ፣ በልቻለሁ። አይ፣ እሷ ናት፤ ሊቋ ናት። እሺ፣ እነግራታለሁ።» ስልኩን ዘጋች። «ቤት ስትመለሺ እማዬ ልትገድልሽ ነው። እሱን በምን ቃል እንደምትዘግቢው አስቢበት።»

እየሳቀች ነበር። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ለትክክለኛነት ብዬ እናቴን በልጇ አስለቀስኳት። «አለፈች» ስል «ወደቀች» የሚለውን ቃል ያህል እንኳ አላሰብኩበትም፤ እሱም ሁለት ፍቺ አለው፣ ተሻግረው ፍራሹ ላይ የሚወድቁም አሉ። የማይወድቅ ቃል የለም ማለት ነው?

ሐምሌ 23

ኃላፊው ደወሉ። መመሪያው ታግዷል። ስለ መጽደቁ የጻፍኩትን ገጽ ማንበብ አልፈልግም።

ጋሽ ነጎድጓድ በቁርስ ሰዓት፦ «ዘለለች ስል ትቆጪኛለሽ፤ አለፈች ስል እናትሽ ታለቅሳለች። ነገ ምን ልበል?» ያለኝን እንቁላል ሰጠኋቸው።

አሠልጣኙ ትላንት ለማጣሪያው ሲጮኹ ውለው ድምፃቸው ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። ነገ ከጎናቸው ተቀምጬ የሚያንሾካሽኩትን ለእኅቴ ከፍ አድርጌ እንዳደርስ ታዘዝኩ። እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

ስምንተኛ። ስምንተኛ። ስምንተኛ።

ሐምሌ 25

ትላንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ በሥርዓቱ እጽፋለሁ።

ፍጻሜው ሲጀመር ዝናብ ያካፋ ነበር። ዘንጉ 1.91 ላይ ሲደርስ ከዐሥራ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ሰባቱ ተሻግረውት አራቱ እዚያው ተሰናብተዋል። የቀረችው እኅቴ ብቻ ናት፤ እሷም ሁለት ጊዜ ጥላዋለች። ሁለቱንም ጊዜ እግሯ በእርጥቡ መሬት ላይ ሸርተት ብሏል። የቀራት አንድ ሙከራ ነው። ከሠራችው ስምንተኛ ትሆናለች፤ ካልሠራችው፣ በዝቅተኞቹ ከፍታዎች ከአራቱም የበለጠ ስለጣለች፣ የመጨረሻ ናት።

ሁለት መንገድ ነበራት። አንደኛው፣ ያንን አንድ ሙከራ እዚያው እርጥብ መሬት ላይ መሞከር፤ ከፍታው በልምምድ ከተሻገረችው በታች ነው። ሁለተኛው፣ ይህን ከፍታ ትታ ሙከራዋን ወደ 1.93 መውሰድ። ከፍታ ሲቀየር ሠራተኞች መንደርደሪያውን ስለሚያደርቁት መሬቱ የታመነ ይሆናል፤ ዘንጉ ግን በሕይወቷ ደርሳበት በማታውቀው ከፍታ ላይ ይሰቀላል።

ወደ አጥሩ መጥታ አሠልጣኙን አየች። እሳቸው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው እንደ ተበሳ ጎማ በሚያፏጭ ትንፋሽ አንሾካሾኩ።

«ዝለይው በያት።»

«የትኛውን?»

«ዝለይውን።»

«ተሻገሪው ነው ወይስ እለፊው?»

ትዕግሥታቸው አልቆ በእጃቸው አሳዩኝ። መዳፋቸው በአየር ላይ ተነሥቶ ግማሽ ክብ ሠርቶ ወረደ። ከዘንጉ በላይ ይሁን ከከፍታው ባሻገር፣ በዚያ እጅ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ዳኛው ሰዓቱን አስጀመረ። አንድ ደቂቃ።

«ምን አሉ?» አለች እኅቴ ከታች።

«እለፊው» አፌ ላይ መጣ። «ተሻገሪው»ም መጣ። ሁለቱም የጠሩ ቃላት ናቸው፤ ሁለቱም ግን የእኔ ናቸው እንጂ የእሳቸው አይደሉም። አስተርጓሚ ያልተባለውን አይጨምርም። ይህ መርሕ ነው። ደግሞም፣ እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ፣ አላወቅሁም። ባውቅ ኖሮ መርሑ ትዝ ባላለኝ።

«ሊቋ! ሰዓቱ እኮ ሄደ!»

ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ወንበር ላይ መቆም ክልክል መሆኑ በሦስት ቋንቋ ተጽፏል፤ ሦስቱንም አንብቤአቸዋለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ ከሆዴ ሥር የማላውቃት ሴትዮ ወጣች።

«ዝለይውውው!»

ከፊት ለፊታችን የተቀመጡት የሌላ አገር አሠልጣኞች በአንድነት ጎንበስ አሉ። እኅቴ ዐይኗ ፈጠጠ። ከዚያ ሳቀች። በሕይወቷ ትልቁ ደቂቃ ላይ ቆማ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ዞረች፤ ሄደች። ለዳኛው «አልፌአለሁ» በሚለው ምልክት እጇን ታነሣለች ብዬ ጠበቅሁ። አላነሣችም። ምልክቷ ላይ ቆመች፤ ተንደረደረች።

እግሯ አልሸረተተም። ጀርባዋ ሄደ፣ ወገቧ ሄደ፣ ጉልበቷ ሄደ። ተረከዟ ዘንጉን ነካው። ዘንጉ ተንቀጠቀጠ፤ አመነታ፤ ከቦታው ቀረ።

ነጭ ባንዲራ፤ ሙከራው ተሳክቷል ማለት ነው።

ከዘጋቢዎቹ ሰገነት፣ በመስታወቱም በዝናቡም ውስጥ አልፎ፣ ያለ ማይክሮፎን የመጣ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። «ዘለለችው! ዘለለችው! ዘለለችውውው!» ፍራሹ ላይ የተጋደመችው እኅቴ እግሮቿን ወደ ላይ ሰቅላ ታወዛውዛለች። መነጽሬ ረጥቦ የቀረውን በደንብ አላየሁም። የተቀመጥነው ከጣሪያ ሥር ነበር፤ ነፋስ አምጥቶት ይሆናል።

1.93ን ሦስት ጊዜ ጣለችው። ስምንተኛ ወጣች። የፌዴሬሽኑ ሹም መጥተው አቀፏት፤ ቁመታቸው እስከ ክርኗ ስለሚደርስ ያቀፉት ክርኗን ነው። «ፍራሹ የትም አይሄድም» አሉ።

እማዬ ወዲያው ደወለች። «ሰማሁ! ዘለለችው!»

«እማ፣ በየትኛው ፍቺ እንደሆነ በምን አወቅሽ?»

«ጋሽ ነጎድጓድ እንዲያ እየጮኹ ሌላ ምን ልትሆን ኖሯል? ብርጭቆዎቼ ሁሉ ተንቀጠቀጡ። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ መጥቷል፤ ዳቦ ይዞ። ዛሬስ እርግጠኛ ናችሁ ወይ ይላል።»

ማታ፣ እግሮቿ የልብስ መተኮሻው ላይ እንዳሉ፣ እኅቴን ጠየቅኋት። «እታለም፣ እለፊው ማለታቸው ቢሆንስ ኖሮ?»

«ሊቋ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስናድግ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አታውቂም። ያን ያህል የጮህሽው ገጽ ዝለይ ለማለት አይመስለኝም አልኩ።»

ፍቺን በሳንባ ላይ መመሥረት አይቻልም ብዬ ጽፌ ነበር። ለኃላፊው የላክሁትን ያንን አቋሜን ማንሣት ይኖርብኛል።

ሐምሌ 27

በአውሮፕላን ውስጥ። አሠልጣኙ ከእኔ ጎን ተቀምጠዋል፤ ድምፃቸው ተመልሷል። እኅቴ ከመተላለፊያው ማዶ ተኝታለች፤ አስተናጋጇ በእግሮቿ ላይ ሦስት ጊዜ ተሻገረች።

በመጨረሻ ማወቅ ነበረብኝ። «ጋሼ፣ ያን ዕለት “ዝለይው በያት” ያሉኝ፣ እንድትሞክረው ነበር ወይስ እንድትተወው?»

ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ተመለከቱ።

«ምሳ መቼ ነው የሚያመጡት?» አሉ።

ጥያቄዬን ዘለሉት። ለዚህ የተሻለ ቃል ብፈልግ አላገኘሁም።